«እርጅና ነው» ብለን አንለፈው

«እናቴ ነገር እየረሱ ነው፤ ምን ቫይታሚን ልግዛላቸው?» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣ ሰው ጥቂት አይደለም። «ሐኪም አይቷቸዋል?» ብዬ ስጠይቅ «ኧረ እርጅና ነው!» ይሉኛል።

ዕድሜ ሲገፋ አልፎ አልፎ መርሳት ያለ ነው። የለመዱትን መንገድ መሳት ወይም አንድን ጥያቄ በየደቂቃው መደጋገም ግን ዲሜንሺያ የሚባለው የአንጎል ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በዘርፉ የሠለጠነ ሐኪም የሚበዛው ግን በሀብታሞቹ አገሮች ነው።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ እ.ኤ.አ. በ2015 አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት 177 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በገንዘቡ በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና በአየርላንድ፣ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ዓለም አቀፍ የአንጎል ጤና ተቋም ተመሠረተ። በተቋሙ የፌሎሺፕ ሥልጠና ከልዩ ልዩ አገሮች የተመረጡ ሐኪሞች በአንዱ ከተማ ለአንድ ዓመት ያህል ይማራሉ። ሕመሙን መለየት ብቻውን ስለማይበቃ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፣ ጋዜጠኛና የኪነ ጥበብ ሰውም አብሯቸው ይሠለጥናል። ዓላማው ሠልጣኙ ያገኘውን እውቀት ለወገኑ እንዲያደርስ ነው።

ከዚህ እውቀት አብዛኛው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ 14 አጋላጭ ነገሮችን በመቆጣጠር 45 በመቶ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገልጿል። ከእነዚህ መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ይገኙበታል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብሎ የግፊት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አንጎልንም ይጎዳል።

ሌላም አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድባቴ ዲሜንሺያ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይታከማሉም። እንደ አሚትሪፕቲሊንና እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶችም በአረጋውያን ላይ መርሳትንና ግራ መጋባትን ያስከትላሉ።

ስለዚህ ቫይታሚን ከመግዛታችን በፊት እናታችንን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘን እንሂድ። ሐኪሙ ሳያይ ግን አንዱንም አናስቁም።