የበሽተኛ አልጋና የአስታማሚ እጅ

ሆስፒታል ማለት ሕንጻ ብቻ እንዳይደለ የታወቀ ነው። ሕንጻ በገንዘብ ይሠራል፤ አልጋና መሣሪያም ከውጭ አገር ይመጣል። በሽተኛውን በሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ሰው ግን በብዙ ዓመት ትምህርት የሚገኝ፤ በሚገባ ደመወዝም የሚጸና ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፤ በአቃቂ ቃሊቲ፤ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት እርዳታ የታነጸ ነው። ስሙም አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ሩጫ ላገኘችው ድል መታሰቢያ ሆኗል። አካባቢው ፋብሪካ የበዛበት፤ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወስደውም መንገድ የሚያልፍበት ስለ ሆነ፤ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ፤ በአጠገቡ ዘመድ የሌለው ሰው አይታጣም። የአስታማሚ ማነስ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በእንደዚህ ያለው ሰው ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ባወጣው መመዘኛ ለ1 ሺሕ ሕዝብ ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ በድምሩ 4.45 ሊደርሱ ይገባል። ይኸው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. የጤና ሠራተኛ እጅግ ከጎደላቸው 55 አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ቈጥሯታል።

ጉድለቱም አስቀድሞ የሚታየው ትንሽ በሚመስለው ሥራ ነው። አንዲት ነርስ ከዐቅሟ በላይ አልጋ ስትጠብቅ መድኃኒቱ ከሰዓቱ ያልፋል፤ ትኩሳቱ ሳይለካ ይነጋል፤ ራሱን ማዞር የማይችለውም በሽተኛ ሳይገላበጥ ውሎ ገላው ይቈስላል። ማጠብና ማጉረስ ለዘመድ ይቀራል፤ ዘመዱም የዕለት እንጀራውን ትቶ ከአልጋው ሥር ያድራል። ዘመድ የሌለውንስ ማን ውሃ ያቀምሰዋል?

ነገሩ ሞትንም የሚመለከት ነው። በ9 የአውሮፓ አገሮች ተደርጎ በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፤ ለአንድ ነርስ የሚደርሰው በሽተኛ በአንድ ሲጨምር፤ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል ከመቶ 7 እጅ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ቁስል በማሰር ብቻ አላበቃም። ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ አለው፤ ትርፍ ወጪ ቢኖርም ሊከፍል ቃል ገባ። እንግዲህ ለአስታማሚው የሚገባውን መስጠት የምሕረቱ ሥራ ክፍል ነው። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ብዙ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ማነስ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውም ይህን ሊያሳስብ ይገባል።

ስለዚህ ሹማምንት የአልጋውን ቍጥር በሚጽፉበት መዝገብ የሌሊቱን ነርሶች ቍጥር አብረው ይጻፉ። ካህናትም ዘመድ የሌለውን በሽተኛ እየጠየቁ፤ በሽተኛን ማጠብ ክብር እንጂ ውርደት እንዳይደለ ለሕዝቡ ያስተምሩ። ሕንጻው የሚመሰገነው በውስጡ የተኛው ሰው ድኖ ሲወጣ ነው።