አይቶ ዝም ያለ አከራይ

በኒው ዮርክ ከተማ ቤት የሚከራይ ሰው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት በሚሰጠው ረጅም ውል ውስጥ፣ ከገንዘቡና ከዘመኑ አንቀጽ ዝቅ ብሎ፣ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ውሻም ሆነ ድመት በቤቱ እንዳያኖር የሚከለክል ቃል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ለእኛ አገር አንባቢ ውሻ ማለት ከግቢው በር ሥር ተኝቶ ሌሊቱን የሚጮኽ ጠባቂ ስለ ሆነ፣ በስምንተኛ ፎቅ ላይ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ስለሚያድር ውሻ ይህን ያህል መዋዋል እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የተከራይን የቤት ምሥጢር ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ይህ አንቀጽ ነው። ኪራይ በወቅቱ መከፈሉን ከመዝገብ ማወቅ ይቻላል፤ ድመት መኖሯን ለማወቅ ግን ወይ ገብቶ ማየት፣ ወይ ደጅ ቆሞ ማድመጥ፣ ወይ ጎረቤትን መጠየቅ ግድ ይሆናል።

አንቀጹ በየውሉ ላይ ተጽፎ ለብዙ ጊዜ እንደ ተኛ ይኖር ነበር። አከራዩ ውሻው በየማለዳው ደረጃውን ሲወርድ እያየ፣ አንዳንዴም ራሱን እየዳበሰ ዓመታት ያልፋሉ፤ ኋላ ግን የቤት እጥረት ሲጸና፣ ወይም ተከራዩ በክረምት ስለ ተበላሸው ማሞቂያ አቤቱታ ሲያበዛ፣ የተኛው አንቀጽ ድንገት ይነቃና የማስለቀቂያ ክስ ሆኖ ይመጣል። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ቤት እንስሳት ሕግ ሲያወጣ በመግቢያው የመሰከረው ይህንኑ ነው፤ አከራዮች እንስሳው መኖሩን ለረጅም ጊዜ እያወቁ፣ ከረብሻ ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት ሰውን ለማስወጣት ክልከላውን መሣሪያ አድርገውታል።

ሕጉ ክልከላውን አልሻረውም፤ ይልቁንም ለአከራዩ ዝምታ ዋጋ ቈረጠለት። ተከራዩ እንስሳውን በገሃድና በይፋ ሦስት ወር ካኖረ፣ አከራዩም ወይም እንደራሴው ይህን እያወቀ በዚያው ጊዜ ውስጥ ክስ ካልመሠረተ፣ በክልከላው የመጠቀም መብቱን እንደ ተወ ይቈጠራል። ቍጣና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይበቁም፤ የሚፈለገው ክስ ነው። በረኛው ወይም የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ካየ ደግሞ ባለቤቱ እንዳየ የሚቈጠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ቧንቧ ሊጠግን የገባው ሰው ድመቷን ከመስኮቱ ሥር ተጋድማ ያየባት ቀን በችሎት ፊት ታላቅ ቀን ናት።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀው የነገሩ መገልበጥ ነው። ውሻውን በከረጢት ሸፍኖ በጓሮ በር የሚያወጣው፣ ሰው በመጣ ቍጥር መኝታ ቤት የሚዘጋበት ጥንቁቅ ተከራይ፣ ምሥጢሩን የጠበቀ መስሎት ጥበቃውን ያጣል፤ በፊት ለፊት በር እያወጣ ከበረኛው ጋር ሰላምታ የሚለዋወጠው ግን መብቱን በየቀኑ ያጸናል። ሆኖም ይህ በፈቃድ የሆነ መገለጥ ነው። አከራዩ ገሃዱን ፍለጋ ቤት ድረስ እንዳይገባ ሌላ ሥርዓት ያግደዋል፤ ለምርመራ ቢመጣ ከ24 ሰዓት በፊት፣ ለጥገና ቢመጣ ከአንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ብቻ ይህ ይቀራል።

የ1983ቱ ሕግ ለሁሉ አይደርስም። እንስሳው ጉዳት ወይም ረብሻ ካመጣ፣ ወይም ቤቱ የከተማው የሕዝብ መኖሪያ ቤት ከሆነ አይሠራም። ዐይነ ስውርን የሚመራ ውሻ ግን ከመጀመሪያው የቤት እንስሳ ተብሎ አይቈጠርም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሻሻለው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ለአካል ጉዳተኛ የሚገባውን ማስተናገጃ መንፈግን ይከለክላል። እያንዳንዱ ክፍል የግል ባለቤት ባለው ሕንፃ፣ እነርሱ ኮንዶሚኒየም በሚሉት፣ የይግባኝ ችሎቶቹ ተለያይተዋል፤ ከከተማው ክፍሎች በማንሃተንና በብሮንክስ ሕጉ አይመለከተውም ሲባል፣ በብሩክሊንና በኩዊንስ ይመለከተዋል ተብሏል። እንግዲህ አንዱ ውሻ ድልድይ ሲሻገር ጠበቃ ያገኛል ማለት ነው።

ዛሬ በረኛው ሰው መሆኑ እየቀረ ነው። በብሩክሊን ብራውንስቪል ሰፈር ባሉት አትላንቲክ ፕላዛ በሚባሉ ሕንፃዎች፣ በር የሚከፍተው በመሣሪያ የሚለይ የነዋሪው ፊት እንዲሆን ታስቦ ነዋሪዎቹ በብርቱ ቢቃወሙ፣ አከራዩ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳቡን ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማው ባወጣው ሕግ፣ ቍልፉን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የለወጠ አከራይ ከነዋሪው ፈቃድ እንዲቀበል፣ የሰበሰበውን እንዳይሸጥ፣ የመግባት መውጣቱንም መረጃ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያጠፋ ታዘዘ።

የ1983ቱ ሕግ እንስሳውን ያየ አከራይ በሦስት ወር እንዲናገር፣ የ2021ዱ ደግሞ መሣሪያው ያየውን በዚያው ያህል ጊዜ እንዲረሳ ማዘዛቸው፣ በአጋጣሚ ይሁን እንጂ፣ ለእኔ እጅግ ተገቢ ይመስለኛል። የበረኛው ዐይን የአከራዩ ዐይን ከተባለ፣ ከደጁ በላይ የተሰቀለው ካሜራ ውሻውን ዘጠና ማለዳ ካየ በኋላ አከራዩ ችሎት ፊት ቆሞ «አላየሁም» ቢል፣ እኔ ዳኛው ብሆን አልቀበለውም።