የተደገመ አስማት ሁሉ የተፈጸመ አይደለም

ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ፈልስፎት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በተባለው ኩባንያ የታተመው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ፣ ዘንዶና ጠንቋይ በተሣሉባቸው ካርታዎቹ ብቻ ለሚመዝነው ሰው የሕፃናት መጫወቻ መስሎ ይታየዋል፤ የሕጉን መጽሐፍ ለገለጠ ግን ከ200 ገጽ በላይ የሆነ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ የቆመበት፣ አንዲት ቃል ብትዛነፍ ፍርዱ የሚገለበጥበት ድርሳን ሆኖ ይገኛል። እኔም ከሥዕሎቹ አብልጬ የምወደው ይህን ሥርዓት፣ ከሥርዓቱም አስማት ስለሚደገምበት አኳኋን የሚናገረውን ክፍል ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። ተጫዋቹ 20 የሕይወት ነጥብና 7 ካርታ ይዞ ይጀምራል፤ ሜዳ፣ ደሴት፣ ረግረግ፣ ተራራና ደን ከሚባሉት የመሬት ካርታዎች ማና የሚባለውን ኃይል እየቀዳ የአስማቱን ዋጋ ይከፍላል፤ የባላጋራውን ሕይወት ወደ ባዶ ካወረደ አሸነፈ። አንዳንዱ አስማት በራስ ተራ ብቻ፣ ሌላው በባላጋራም ተራ ይደገማል።

ብዙ ዘመን የተጫወቱትን እንኳ ሲያሳስት የማየው፣ የተደገመ አስማት ያን ጊዜውኑ ይፈጸማል የሚለው ግምት ነው። ሕጉ ግን በመድገምና በመፈጸም መካከል ጊዜ አኑሯል። ደጋሚው አስቀድሞ ካርታውን ገልጦ ክምር ብዬ በምጠራው ስፍራ ያኖራል፤ ቀጥሎ ዒላማውን ይሰይማል፤ ከዚያ ዋጋው ይሰላል፣ ይከፈላልም፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አስማቱ ተደገመ እንጂ ገና አንዳች አላደረገም። የምላሽ ተራ የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁሉም በየተራቸው ምንም ሳያደርጉ ካሳለፉ የክምሩ የላይኛው ይፈጸማል፤ ምላሽ የሰጠ ካለ ግን የእርሱ አስማት ከፊተኛው በላይ ይደረብና፣ በሌማት እንደ ተደራረበ እንጀራ፣ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይነሣል።

ከዚህ የተነሣ እነዚያው ሁለት ካርታዎች በቅደም ተከተላቸው ብቻ ተቃራኒ ፍርድ ይሰጣሉ። ጉልበቱም ጽናቱም 2 የሆነ ድብ አለኝ እንበል። ባላጋራዬ 3 ጉዳት የሚያደርሰውን ላይትኒንግ ቦልት የተባለ መብረቅ ቢወረውርበት፣ እኔም በምላሹ ጃያንት ግሮውዝን ደግሜ እስከ ተራው ፍጻሜ በጉልበቱም በጽናቱም ላይ 3 ብጨምርለት፣ የእኔው ከላይ ነውና ቀድሞ ይፈጸማል፤ ድቡም 5 ሆኖ መብረቁን ተቀብሎ ይተርፋል። ነገር ግን ቸኩዬ ጃያንት ግሮውዝን አስቀድሜ ብደግም፣ ባላጋራዬ በምላሹ መብረቁን ይለቅቃል፤ ድቡ ገና 2 ሳለ ይሞታል፤ የእኔም አስማት ተራው ሲደርስ ዒላማውን አጥቶ ያለ ፍሬ ይወድቃል፤ በአንድ መብረቅ ሁለት ካርታ አጣሁ ማለት ነው። ጀማሪን እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ስለ ዘንዶ ጉልበት አብዝተው ሲተርኩ ይህን የመሰለውን ነገር ማለፋቸው ይገርመኛል።

አንድ ወጣት፣ የደገመውን ታላቅ ፍጡር በካውንተርስፔል ብሽርበት፣ ማና ለመቅዳት ያጋደማቸውን መሬቶች መልሶ እያቀና «ጋሼ፣ ማናዬ ይመለስልኝ እንጂ፣ አልተፈጸመም እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተፈጸመም፤ ነገር ግን ተደግሟል፣ የተከፈለውም ተከፍሏል። ባላጋራ አስማቱን ከደገመ በኋላ «እንዳትደግም በምላሹ መሬቶችህን አጋድማለሁ» ማለትም እንደዚሁ ከንቱ ነው፤ ምላሽ የሚከፈተው ከክፍያው በኋላ ነውና። ይህ አለማወቅ ነው፣ ይማራሉ፤ ዒላማቸውን ሳይሰይሙ ካርታ ጥለው፣ የባላጋራቸውን ፊት ካጠኑ በኋላ የሚመርጡትን ግን ይቅር አልላቸውም።

ክምሩ ራሱ ከጥንት የነበረ አይደለም። ቀድሞ ኢንተረፕት የሚባሉ፣ ከሌላው ሁሉ የሚፈጥኑ አስማቶች ነበሩና ማን ማንን ይቀድማል የሚለው ነገር ክርክር ያስነሣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከስድስተኛው እትም ጋር የወጣው ሕግ ያን ማዕርግ ሽሮ አስማቶችን ሁሉ በአንድ ክምር ሥርዓት አስገዛቸው።

ለዚህም ሥርዓት ልዩ ሁኔታ አልታጣለትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፕሊት ሰከንድ የተባለ ባሕርይ ያላቸው ካርታዎች ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ክሮሳን ግሪፕ በክምር ላይ ሳለ፣ ማና ከመቅዳት በቀር፣ ማንም አስማት ሊደግም ወይም የካርታን ችሎታ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ይሁን እንጂ ፊቱን ተደፍቶ የቆመን ፍጡር ገልብጦ መግለጥ በክምር የማያልፍ ተግባር ስለ ሆነ ክልከላው አይደርስበትም፤ ስለዚህ ዊልቤንደር የተባለውን ፍጡር ደፍቶ ያቆየ ሰው፣ ባላጋራው ምላሽ የለም ብሎ በተማመነበት ሰዓት ይገልጠውና፣ ለዒላማነት የሚበቃ ንብረት ከተገኘ፣ የክሮሳን ግሪፕን ጥፋት ወደ ደጋሚው ወደ ራሱ ያዞርበታል።