ጊታር ስትመርጡ የሳኦልን ጥሩር አትልበሱ



በአምልኮ ቡድን የምታገለግሉ፣ ወይም ልጃችሁ «ሊድ ጊታር ግዙልኝ» ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲገዛ ተወሰነ። ውጭ አገር ለሚኖር ወንድም ልከን የሚያንጸባርቅ፣ ስሙ የታወቀ ጊታር መጣልን። የሚጫወትበትን ወጣት ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መሣሪያው ከባድ ነበር፤ አንገቱም ለእጁ ወፍራም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቱ «ጸጋው የለኝም መሰለኝ» ብሎ ከቡድኑ ሊወጣ ወደ እኔ መጣ። ችግሩ ጸጋው ጋ እንዳልነበረ የገባን ቀለል ያለ ጊታር ተውሶ ሲጫወት ነው።

ያን ጊዜ 1ኛ ሳሙኤል 17፥38-40 ትዝ አለኝ። ሳኦል የራሱን ጥሩርና ቁር ለዳዊት አለበሰው። መጥፎ መሣሪያ አልነበረም፤ የንጉሥ ነበር! ዳዊት ግን ስላልለመደው ሊሄድበት አልቻለም፤ አውልቆ ወንጭፉን ያዘ። የእኛም ጥያቄ «የትኛው ጊታር ይበልጣል?» ሳይሆን «የትኛው ለዚህ እጅ ይስማማል?» ሊሆን ይገባል። እስቲ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እንመልከት።

1ኛ. ክብደቱ
እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ጊብሰን ሌስ ፖል ብዙ ጊዜ 4 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በ1954 የወጣው ፌንደር ስትራቶካስተር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይቀላል፤ አካሉም ለደረትና ለክንድ እንዲመች ተደርጎ ተቀርጿል። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ብቻ አትሞክሩ። በማንገቻው አንግታችሁ 15 ደቂቃ ቁሙ፤ የእኛ አምልኮ ረጅም መሆኑን አትርሱ። አንገቱን ስትለቁት ወደ መሬት የሚያዘነብል ከሆነ ግራ እጃችሁ ሲሸከመው ይውላል።

2ኛ. አንገቱና ክሮቹ
በስትራቶካስተር ላይ የሚመታው የክር ርዝመት ወደ 65 ሴንቲ ሜትር፣ በሌስ ፖል ላይ ደግሞ ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ባጭሩ ላይ ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፤ በአንድ ዓይነት ቅኝት ክሩም ይላላል። ትንሽ እጅ ላለው፣ በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ክሩን በጣቱ ገፋ እያደረገ ድምፁን ለሚያጥፍ ሰው ይህ ያግዛል። ቀጫጭን ክር መግጠምም እንዲሁ። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው ጣት ካሳመሙ ባለሙያ ሊያስተካክላቸው ይችላል፤ በዚህ ብቻ ጊታሩን አትጣሉት። አንገቱን ግን እንደሚያነጣጥር ሰው ከጫፉ እዩት፤ የተጣመመ ከሆነ ተዉት።

3ኛ. ድምፁ
ድምፁን የሚቀበለው ፒክአፕ ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ (ሲንግል ኮይል) ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ከመብራትና ከኤሌክትሪክ መስመር እዝዝታ ይስባል። ባለ ሁለት ጥቅሉ (ሃምበከር) እዝዝታውን ያጠፋል፤ ድምፁም ወፈር ይላል። ጉባኤው በጸጥታ ሲጸልይ እዝዝታ እንዳይረብሽ ከፈለጋችሁ ይህን አስቡበት። እዝዝታውን ለማጥፋት ብላችሁ ግን የመሬት መስመሩን (ኧርዝ) ፈጽሞ አትቁረጡ። ጊታር ይዞ ማይክሮፎን በከንፈሩ የሚነካ ሰው በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል፤ ሕይወትም ሊጠፋ ይችላል።

4ኛ. ዋጋው
ስኳየር በፌንደር፣ ኤፒፎን በጊብሰን ሥር የሚወጡ ዋጋቸው ቀለል ያለ ጊታሮች ናቸው፤ ያማሃ ፓሲፊካም ለጀማሪ ጥሩ ነው። ለአምፕሊፋየር፣ ለገመድና ለመለዋወጫ ክር ገንዘብ አስቀሩ። ለስም ብላችሁ አትበደሩ። ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ፈልጎ ምን እንደ ተባለ እናውቃለን (ሐዋ. 8፥18-20)፤ ውድ ጊታር ስለ ገዛን ቅባት አንገዛም።

5ኛ. የሚጫወተው ይሞክረው
ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ አገልጋዩ በቅድሚያ ያንኑ ዓይነት ጊታር ከጓደኛ ተውሶ ይሞክር፤ ከዚያ የተስማማውን የሞዴል ስም ጽፋችሁ ላኩ። ግራኝ ከሆነም ይህን መናገር አትርሱ።

ሽማግሌዎችና መሪዎች ሆይ፣ የምእመናን መባ አደራ ነው፤ የወጣቱም ልብ አደራ ነው። ያ ወንድም ዛሬም ያገለግላል። ከባዱን ጊታር ደግሞ እጁ ሰፋ ያለ ሌላ ወንድም ይዞታል፤ በእርሱ እጅ ሲሰማ እጅግ ያማረ መሣሪያ ነው።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።