በበጋ የአትክልት ስፍራ ብቸኛ ተርቦችን መመልከት

ተርብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጎጆውን በጋራ የሚጠብቀውንና ሲነኩት በመንጋ የሚወርደውን ነው። ከዓለም የተርብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን በመንጋ አይኖሩም። ሴቷ ያለ ንግሥትና ያለ ሠራተኛ ጎጆዋን ራሷ ትሠራለች፣ ለልጆቿ ታድናለች፣ በየክፍሉ አንድ አንድ እንቁላል ጥላ ትዘጋዋለች። መንደፊያው ከእንቁላል መጣያ አካል የመጣ በመሆኑ ወንዱ መናደፍ አይችልም፤ ሴቷም መርዟን የምታውለው በዋናነት ለአደን ነው። በእጅ ካልያዟት ወይም ካልጨፈለቋት ሰውን እምብዛም አትነድፍም። ከጎጆዋ አጠገብ ተቀምጦ ሥራዋን መከታተል የሚቻለውም ለዚህ ነው።

በአውሮፓ ተርቦቹ በብዛት የሚታዩት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ሞቃት ወራት ነው። ፀሐይ የሚመታው አሸዋማ መሬት የቆፋሪዎቹ ሠፈር ነው። ባዶ አገዳና ጢንዚዛ የበሳው የደረቀ እንጨት ሌሎቹን ያስጠልላል፤ ከጭቃ ትንንሽ ማሰሮ የሚሠሩም አሉ። በኢትዮጵያም በቤት ግድግዳና ጣሪያ ሥር ጭቃ እየለጠፉ ሸረሪት የሚያከማቹ ተርቦች የተለመዱ ናቸው። እያንዳንዱ ወገን የራሱ አደን አለው፦ አንዱ አባጨጓሬ፣ ሌላው ዝንብ፣ ሌላው ክሽክሽ ይይዛል። አዋቂዎቹ ራሳቸው የሚኖሩት በአብዛኛው በአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። የብዙዎቹ ምላስ አጭር ስለሆነ እንደ እንስላልና ድንብላል ያሉ ገላጣ አበቦችን ይመርጣሉ፤ አንድ ያበበ እንስላል ብዙ ዓይነት ተርብ በአንድ ቦታ ያሳያል።

በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ስም ፈረንሳዊው ዣን አንሪ ፋብር (1823–1915) ነው። በ1855 ባሳተመው ጥናት ጢንዚዛ የምታድነውን ተርብ ምሥጢር ገለጠ። ከእርሱ በፊት የነፍሳት ተመራማሪው ሌኦን ዱፉር በተርብ ጎጆ ውስጥ ያሉት ጢንዚዛዎች ሞተው ሳለ የማይበሰብሱት መርዙ ስለሚጠብቃቸው ነው ብሎ ነበር። ፋብር ግን በሕይወት እንዳሉ አረጋገጠ፤ መንቀሳቀስ ተስኗቸው እንጂ አልሞቱም። እጩ ከእንቁላል ሲወጣ ትኩስ ሥጋ የሚያገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ለአደን የሚመረጡት ጢንዚዛዎች የደረት የነርቭ ቋጠሮዎቻቸው ተጠጋግተው የተቀመጡ በመሆናቸው አንድ ንድፊያ በትክክለኛው ቦታ ካረፈ ይበቃል። የአባጨጓሬ ነርቭ ግን በየክፍለ አካሉ የተበታተነ ስለሆነ፣ ቀጭን ወገብ ያላት አሸዋ ቆፋሪ ተርብ አባጨጓሬውን ከሥር ደጋግማ ትወጋዋለች።

ፋብር በ1879 በፕሮቫንስ፣ ሴሪኛን በተባለ መንደር ሃርማስ የሚባል ጠፍ መሬት ገዝቶ ቀሪ ዘመኑን እዚያው ነፍሳትን ሲከታተል ኖረ። ደመ ነፍስ ዕውር ነው የሚለውን አቋሙን ያስረዳበት አንድ ሙከራ በሰፊው ይጠቀሳል። አንዲት ተርብ ያደነችውን ከጉድጓዷ አፍ አስቀምጣ ውስጡን ልታይ ስትገባ ፋብር ምርኮውን ጥቂት ያርቀዋል፤ ወጥታ ትጎትተዋለች፣ ነገር ግን ምርኮውን በቀጥታ እንደማስገባት እንደገና ለፍተሻ ትገባለች። ይህን አርባ ጊዜ ያህል ደጋገመው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀሪው ክፍል ነው፦ በሌላ ሠፈር ያገኛቸው ተርቦች ከጥቂት ሙከራ በኋላ ፍተሻውን ትተው ምርኮውን ይዘው ገብተዋል። ፋብር ይህንንም በሐቀኝነት ጽፎታል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሠሩት ጆርጅና ኤልዛቤት ፔክሃም በ1898 ባወጡት መጽሐፍ ከአንዷ ተርብ ወደ ሌላዋ የጠባይ ልዩነት እንዳለ በሰፊው አሳዩ። አንዲት ተርብ ጠጠር በአፏ ይዛ የጎጆዋን መዝጊያ አፈር ስትደቀድቅ መመልከታቸው ከዚያ ሥራ በጣም የታወቀው ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የተወሰደው በኔዘርላንድ አሸዋማ ሜዳዎች ነው። ኒኮ ቲንበርገን በ1932 ባሳተመው ጥናት ንብ አዳኟ ተርብ ጎጆዋን እንዴት እንደምታገኝ ጠየቀ። በጉድጓዷ ዙሪያ የፓይን ዛፍ ፍሬዎች ደረደረ፤ እርሷም ስትወጣ እየዞረች ቦታውን ካጠናች በኋላ ለአደን ሄደች። ፍሬዎቹን ወደ ጎን ሲያዛውራቸው ተርቧ ንቧን ታቅፋ በቀለበቱ መሐል አረፈች፤ እውነተኛው ጉድጓድ ግን ከጎኗ ነበር። ቲንበርገን በ1973 ከኮንራድ ሎሬንትዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ስለዚህችው ተርብ ኋላ የታወቀው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፦ በአንቴናዋ ውስጥ ባክቴሪያ ታሳድጋለች፣ በጎጆው ክፍል ትቀባዋለች፣ እጩም በሚፈትለው ልባስ ውስጥ ያስገባዋል፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨው መድኃኒት ከሻጋታ ይጠብቀዋል።

ጎጆ ባለበት ሌባም አለ። አረንጓዴና ቀይ ብረት የምትመስል ተርብ በሌሎች ጎጆ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ሲይዟት ጠንካራ ልባሷን ወደ ውጭ አድርጋ ትኮራመታለች። ትንንሽ ዝንቦችም አደን የተሸከመችውን ተርብ ከኋላ እየተከተሉ እስከ ጉድጓዱ ይደርሳሉ።

ተርብ የሚመስል ሁሉ ተርብ አይደለም። በአበባ ላይ የሚያንዣብቡ ቢጫና ጥቁር ዝንቦች ሁለት ክንፍና አጭር አንቴና አላቸው፤ ተርብ አራት ክንፍ አለው። ከእነዚህ ዝንቦች የብዙዎቹ እጭ ክሽክሽ ስለሚበላ ለአትክልተኛ ወዳጅ ነው። ከጽጌረዳ ቅጠል ክብ ቁራጭ የምትወስደውም ብቻዋን የምትኖር ንብ ናት። አንድ ተራ ጓሮ የሚይዘውን ብዛት ጄኒፈር ኦወን በእንግሊዝ ሌስተር አሳይታለች፦ ከ1972 ጀምሮ ለ30 ዓመት በቤቷ ጓሮ 2,673 የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያ መዘገበች፤ ከእነዚህ 1,997ቱ ነፍሳት ነበሩ።

ለመመልከት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጉድጓዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ጥላ ሳይጥሉ መቀመጥና የሚገባውን ምርኮ ማየት ይበቃል። ምርኮውን መለየት የተርቧን ወገን ለመለየት ይረዳል፤ ትንንሽ ጥቁር ተርቦችን ከፎቶ ብቻ ማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች የተበሱበት እንጨት ወይም የታሰረ ባዶ አገዳ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ዝናብ በማይመታው ቦታ ሲሰቀል ጎጆ ሠሪዎችን ይስባል። የቀዳዳው አፍ በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ እጮች አሉ፤ አብዛኞቹ የቅዝቃዜውን ወራት እዚያው አሳልፈው በቀጣዩ ዓመት ስለሚወጡ አገዳው እስከዚያ ድረስ መነካት የለበትም።