ወርቅና ወረቀት በአንድ ቤት

በመዝገብ ቤት ሥራ ለምንውል ሰዎች «ጋንዛ» የሚለውን የጥንት ኢራናውያን ቃል ማወቅ ይጠቅማል። ትርጉሙ የተከማቸ ሀብት፣ የንጉሥ ግምጃ ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት ምንጩ የሜዶን ቋንቋ ነው ይላሉ። በዛሬው ፋርስኛ «ጋንጅ» ሆኗል፤ አርመኖች «ጋንዝ»፣ ግሪኮች ደግሞ «ጋዛ» ብለው ወስደውታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ጃንደረባ የሠለጠነበት የንግሥቲቱ ሀብት በግሪኩ ጽሑፍ የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። (ጃንደረባው የተጓዘበት የጋዛ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ የከተማዋ ስም ሴማዊ ነው።)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የመጽሐፈ ዕዝራ ታሪክ ነው። አይሁድ ቤተ መቅደሳቸውን እንዲሠሩ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በእርግጥ ፈቅዶላቸው እንደሆነ ክርክር ሲነሣ፣ ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዳርዮስ ትእዛዙ እንዲፈለግ አዘዘ። ፍለጋው የተካሄደው ግምጃው በሚቀመጥበት የመጻሕፍት ቤት ነበር፤ የአራማይኩ ጽሑፍም ግምጃውን «ጊንዛያ» ይለዋል። ጥቅልሉ በአሕምታ፣ በዛሬዋ ሐማዳን ተገኘ፤ ግንባታውም ቀጠለ። ሰነዱን ያስቀመጠው ጸሐፊ ስሙ አልተጻፈም፤ ክርክሩን የፈታው ግን የእርሱ ሥራ ነው።

በእነዚሁ የፋርስ ነገሥታት ከተማ፣ በፐርሰፖሊስ፣ ግምጃ ቤት ፍርስራሽ ውስጥም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። በኤላምኛ የተጻፉ የሠራተኞች ክፍያ ማስታወሻዎች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 ወርቁንና ብሩን እስክንድር ጭኖ ወሰደው፤ ዛሬ ስለዚያ ቤት አሠራር የሚነግሩን ጽላቶቹ ናቸው።

ቃሉ በዕብራይስጥ «ገናዝ» የሚል ግስ ሆኖ ማኖርን፣ መሰወርን ያመለክት ጀመር። «ገኒዛ» ያረጁ ቅዱሳት ጽሑፎች የሚቀመጡበት ስፍራ ነው፤ የካይሮው የቤን ዕዝራ ምኩራብ ገኒዛ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች አቆይቶልናል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችንም የማኅበር ገንዘብ ያዥን «ጊዝባር» ሲሉ የሚጠሩት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው።

የእኛው «መዝገብ» ከጋንዛ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሄደበት መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው። በግዕዝ የሀብት ማከማቻ የነበረው በአማርኛ የጽሑፍ ማኅደር ሆነ። አባቶቻችንም የርስት ስጦታን በወርቅ ወንጌል ላይ ጽፈው፣ ወንጌሉን ከመስቀሉና ከዘውዱ ጋር በዕቃ ቤት ያኖሩት ነበር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ አሮጌ ፋይል ከተሰበረ ወንበር ጋር እርጥበት ባለው ምድር ቤት አትጣሉ። ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያና ቁልፉን የሚይዝ ባለሙያ መድቡለት።