ደዌን ለይቶ ማወቅ

ከደም ካንሰሮች መካከል «ሄሪ ሴል ሉኬሚያ» የሚባለው፥ ከመቶ የሉኬሚያ ሕሙማን ሁለቱን ያህል ብቻ የሚይዝ በመሆኑ፥ ብዙ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው ሙሉ ላያዩት የሚችሉት ደዌ ነው። ሕሙሙ የሚናገረው ድካምንና የሚመላለስ ትኩሳትን፥ ሐኪሙም ሆዱን ዳስሶ የሚያገኘው ያበጠ ጣፊያን ስለ ሆነ፥ እነዚህም ምልክቶች በአገራችን ቆላ ለወባና ለካላዛር የተለመዱ ስለ ሆኑ፥ በምልክት ብቻ ተመርቶ መድኃኒት ማዘዝ ሕይወትን በግምት ማስያዝ ነው፤ እርግጡ የሚገኘው ከቤተ ሙከራ ነው።

በዚያም ባለሙያው አንዲት የደም ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ አንጥፎ፥ አድርቆና ቀለም አጠጥቶ በአጉሊ መነጽር ሲመረምራት፥ ጠርዛቸው በቀጫጭን ጠጉር የተከበበ የሚመስሉ ነጭ ሕዋሳት ይታዩታል፤ ሞኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ከደሙ መመናመናቸውም ጥርጣሬውን ያጸናለታል። የፔሩ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም በርታ ቡሮንክል ከባልደረቦቻቸው ጋራ በኦሃዮ ሳሉ በ1958 እ.ኤ.አ. ይህ ደዌ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን የገለጹት ሕሙማኑንና ሕዋሳቱን በትዕግሥት ተመልክተው ነው። መቅኒውን ለመቅዳት መርፌ ወደ አጥንት ቢሰደድም፥ በሽታው መቅኒውን በረቂቅ ክሮች ስለሚተበትበው መርፌው ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል፤ ስለዚህ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል። ፍሎው ሳይቶሜትር የተባለውም መሣሪያ፥ አንጸባራቂ ቀለም የተሸከሙ ፀረ እንግዳ አካላት የተጣበቁባቸውን ሕዋሳት አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት እያሳለፈ፥ ሲዲ 103ንና ሲዲ 25ን የመሰሉ ምልክቶች በገጻቸው ላይ መኖራቸውን ይናገራል።

ነገር ግን ደዌው ታውቆ ክላድሪቢን የተባለው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ፥ ሁለተኛ ፈተና ሊከተል ይችላል። ሻጋታን የሚዋጉት ኒውትሮፊሎች የተባሉ ነጭ ሕዋሳት በመድኃኒቱ ምክንያት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርዱ፥ ጤነኛው ሰው በየቀኑ ያለ ጉዳት የሚተነፍሰው የአስፐርጂለስ ብናኝ በሕሙሙ ሳንባ ውስጥ ሥር ሰድዶ ሊገድለው ይችላል። ይህን ሻጋታ የፍሎረንሱ የዕፀዋት ሊቅ ሚኬሊ በ1729 እ.ኤ.አ. በገለጸው ጊዜ፥ ብናኝ የተሸከመው ራሱ የጠበል መርጫ መስሎ ታይቶት ነበር። ዛሬ ቤተ ሙከራው ከሻጋታው ግድግዳ የሚለቀቀውን ጋላክቶማናን የተባለ ስኳር በደም ወይም በሳንባ እጣቢ ውስጥ ይፈልጋል፤ ከሳንባው የተወሰደውንም ሥጋ በብር ማቅለሚያ ሲያቀልመው፥ የሻጋታው ክሮች በአረንጓዴ መደብ ላይ ጠቁረው ይወጣሉ። ክሮቹ ቀጫጭን፥ ባለ ብዙ ክፍልፍልና በሹል ማዕዘን ቅርንጫፍ የሚያወጡ ከሆኑ አስፐርጂለስ ይጠረጠራል፤ ሰፋፊ፥ ክፍልፍላቸው ጥቂትና ቅርንጫፋቸው በቀጤ ማዕዘን የሚወጣ ከሆነ ግን ጠላቱ ሙኮር የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከባድ ነው፤ አስፐርጂለስን የሚያሸንፈው ቮሪኮናዞል በሙኮር ላይ ኃይል ስለሌለው፥ በዚህ ጊዜ ወደ አምፎቴሪሲን መሸጋገር ግድ ይሆናል።

እንግዲህ የደም ሕዋስን የሚያውቀውና ሻጋታን የሚያውቀው ባለሙያ ተለያይተው ሊሠሩ አይገባም፤ አንዱ ያገኘው ለሌላው ሳይዘገይ ሲደርሰው፥ አንድ ሰው ከሁለት ሞት ሊተርፍ ይችላልና። ስለዚህ ሆስፒታል የሚያቋቁም ሁሉ ስለ አልጋውና ስለ መድኃኒቱ በሚያስብበት ልክ፥ በአጉሊ መነጽር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለውን ሰው ማስተማርና ማክበር ይገባዋል፤ ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት እንኳ የሚጠቅመው ለትክክለኛው ደዌ ሲሰጥ ብቻ ነው።